ከላይኛው ባቄላ እስከ መሪጌታ አጥር

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከጥቂት ክረምቶች በፊት ነው፤ ሞጣ አጠገብ ባለ አንድ ቀበሌ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን ልርሳው ብልም አይሆንልኝም፤ በሙያዬ የሠራሁት ትልቁ ስህተትና በዕድሜዬ ያገኘሁት ትልቁ በረከት ከአንድ የባቄላ ማሳ ውስጥ ነው የወጡት። ባለቤቴ እንዳልጽፈው ለምናኝ ነበር። ይኸው እየጻፍኩት ነው።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። ቢቸና ተወልዶ ያደገ ሰው እህል ሲባል መጀመሪያ በዓይኑ የሚመጣበት ጤፍ ነው። ሞጣ ስመደብ ግን የጠበቀኝ ብርድ፣ ገብስና ባቄላ ነበር።

ባቄላው ደግሞ ይታመማል። ክረምቱ ሲከብድ ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ነጠብጣቡ ይጋጠምና ቅጠሉ የተለበለበ ይመስላል፤ አበባው ይረግፋል። እኛ ባለሙያዎች «ቸኮሌት ስፖት» እንለዋለን። ስሙን ሲሰሙት ያስጎመጃል። ማሳው የጠፋበት ገበሬ ፊት ቆሞ «ቸኮሌት ነው» ማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል።

በዚያ ዓመት ከመሥሪያ ቤት የተሰጠኝ ሥራ ባቄላን ከገብስ ጋር አሰባጥሮ መዝራት ይህን በሽታ እንደሚቀንስ በገበሬ ማሳ ላይ ማሳየት ነበር። ነገሩ አይከብድም። በሽታውን የሚያመጣው እርጥበት የሚወድ ሻጋታ ነው። ባቄላ ከባቄላ ጋር ትከሻ ለትከሻ ከቆመ ሻጋታው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር አይቸገርም። መሀል ገብስ ከገባ ግን ገብሱ አይስማማውም፤ መንገዱ ይዘጋበታል።

ማሳ የሰጡኝ መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። መሪጌታ የደብሩ አስተማሪ ናቸው፤ ያርሳሉም። ቀበሌው የሚያከብራቸው በዕውቀታቸው፣ የሚፈራቸው ደግሞ በአንደበታቸው ነው። እሳቸው አንዴ የነኩት ሰው ለሦስት ገበያ መነጋገሪያ ይሆናል።

ከቤታቸው በላይ ያለችውን አንድ ጥማድ መሬት ሲሰጡኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ባቄላው ቢጠፋ የሁዳዴ ሽሯችን ከየት ሊመጣ ነው?»

«መሪጌታ፣ እኔ አለሁ» አልኳቸው።

«አንተ ወጥ አትሆንም» አሉኝ።

መሬቷን ለሁለት ከፈልናት። በመንገዱ በኩል ያለውን ላይኛውን ግማሽ ባቄላ ብቻ ዘራንበት። በቤታቸው በኩል ያለውን ታችኛውን ግማሽ ደግሞ ባቄላና ገብስ በመስመር አሰባጠርንበት። እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ውዳሴ ናት። ውዳሴ የመሪጌታ ትልቋ ልጅ ስትሆን በቀበሌው ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ታናሿ ምሕረት ያን ጊዜ ገና ተማሪ ነበረች። ክረምት ሲሆን ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ውዳሴም ቤት ትውላለች። የማሳው የታች ጥግ ከቤታቸው አጥር ጋር ይገናኛል። እኔ ይህን ማሳውን ስመርጥ አላየሁም ብዬ ብምል የሚያምነኝ የለም፤ ስለዚህ አልምልም።

ችግሩ መሪጌታ ልጃቸውን ለመንግሥት ሠራተኛ እንደማይሰጡ አገር ያውቃል። ሁለት ጊዜ የተላኩ ሽማግሌዎችን «የመንግሥት ሠራተኛ ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ የዝውውር ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል፤ እኔ ልጄን ለደብዳቤ አልድርም» ብለው መልሰዋቸዋል። እኔ ታዲያ ሰውየውን በባቄላው አሸንፋለሁ ብዬ አሰብኩ። ማሳው ካማረ ያምኑኛል፤ ካመኑኝ ሽማግሌ እልካለሁ። ማሳው ከጠፋ ሽሮውም ውዳሴም ቀሩ።

ሰኔ ላይ ለቀበሌው ገበሬዎች ሥልጠና ሰጠሁ። አፌን ሞልቼ ካስተማርኩት አንዱ ይኼ ነበር፦ «ቅጠሉ እርጥብ ሳለ ባቄላ ውስጥ አትግቡ። ጤዛው እስኪረግፍ ጠብቁ። ሻጋታው በልብሳችሁና በጫማችሁ ተሳፍሮ ከታመመው ወደ ጤነኛው ይሄዳል።» መሪጌታ ከፊት ተቀምጠው አንዲት ቃል ሳይናገሩ አዳመጡ።

ነሐሴ ገባ። መሪጌታ የፍልሰታን ሱባኤ ሊይዙ ወደ መርጡለ ማርያም ተነሡ። ሁለት ሳምንት አይኖሩም። ሲሰናበቱኝ እንዲህ አሉ፦

«ማሳውን ለአንተ፣ ቤቱን ለእመቤታችን ሰጥቼ መሄዴ ነው። ሁለቱን እንዳታቀላቅል።»

ያኔ ምርቃት መስሎኝ «አሜን» አልኩ።

ደንቡ በሳምንት ሁለት ቀን የታመመውን ቅጠል ቆጥሮ መመዝገብ ነው። እኔ በየቀኑ መቁጠር ጀመርኩ። ሥራ ስለምወድ አይደለም። ጽሕፈቴ አለቃዬ እንኳ የማያነበው ስለሆነ ውዳሴ «አንተ ቁጠር፣ እኔ እመዘግብልሃለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ በበጎ ፈቃድ የተገኘ ጸሐፊ አስቀምጦ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መምጣት ነውር መስሎ ታየኝ።

ሰዓቱ አስቸገረን። ጤዛው ረግፎ ቅጠሉ የሚደርቀው ረፋድ ላይ ነው። የፍልሰታ ቅዳሴ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ይገባል፤ ውዳሴና እናቷ እትዬ አበቡ ቀደም ብለው ተነሥተው ይሄዳሉ። ስለዚህ የቀረን ማለዳ ብቻ ነው። ማለዳ ማለት ጤዛ ነው። ለገበሬው ያስተማርኩት ትዝ አላለኝም ብዬ አልዋሽም። ትዝ ብሎኛል። ለአንድ ቀን ምንም አይልም አልኩ፤ በማግሥቱም እንዲሁ አልኩ።

መንገዱም ሌላ ጣጣ ነበረበት። ወደ መሪጌታ ቤት የሚያስኬደው መንገድ የማሳውን ዳር ይዞ ዞሮ በሩ ላይ ይወጣል። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ማለዳ ሰው አይጠፋም። ሰላምታው ረጅም ነው፤ እንዴት አደርክ፣ እናትህ እንዴት ናቸው፣ ቢቸና ዝናቡ እንዴት ነው ይባልና መጨረሻው «በጧት ወዴት ነው?» ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ላይኛውን ባቄላ ቆጥሬ ስጨርስ በቦቲ ጫማዬ ማሳውን ሰያፍ አቋርጬ በቀጥታ ወደ አጥሩ ጥግ እወርዳለሁ። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ይርሳል። አጥሩ ጋ ቆሜ ቁጥሩን እነግራታለሁ፤ እሷ ትጽፋለች። አሥር ቁጥር ለመንገር አንድ ሰዓት የፈጀብን ቀን ነበር።

እትዬ አበቡ ደጃፉ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ጥጥ ይፈትላሉ። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ሳይሉ «ዛሬስ ስንት ታመመ?» ይላሉ። ከዚያ ሌላ አይናገሩም። እኔም ምንም የማያውቁ የዋህ ሴት ናቸው እያልኩ አዝንላቸው ነበር። ይህን ዛሬ ሳስታውስ ለራሴ አዝናለሁ።

ነሐሴ ሲያልቅ ላይኛው ባቄላ ዳር እስከ ዳር ጠቆረ። የጠበቅነው ስለሆነ ደስ አለኝ። የገበሬ ማሳ ሲጠፋ ደስ የሚለው ባለሙያ ብቻ ነው። ታችኛው፣ ገብስ የገባበት፣ ለምለም እንደሆነ ነው። መሪጌታም ተመልሰው ማሳውን አዩ፤ ጢማቸውን ዳሰሱ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ገቡ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከማሳው በታች ማዶ ካለው ከፍታ ላይ ቆሜ ማሳውን ቃኘሁ። በለምለሙ መሀል አንድ ቡናማ መስመር ወርዷል። ከላይኛው ባቄላ ይነሣል፤ ገብሱን ሰያፍ እያቋረጠ ይመጣል። በመጀመሪያ ንፋስ ነው አልኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ግን ንፋስ እንዲህ ቀጭን አይሆንም። መሀል ላይ የድንጋይ ክምር ነበር፤ እኔ እሱን በስተቀኝ ዞሬ ነው የማልፈው። መስመሩም በስተቀኝ ዞሮ አልፏል። ሲያበቃ ሲያበቃ አጥሩ ጥግ ላይ ሰፋ ብሎ ክብ ሠርቷል። እዚያ ጋ ነው የምቆመው።

በሽታ ሲቆጥር የከረመው ሰውዬ በሽታውን ራሱ እየተሸከመ ያደርስ ኖሯል። ያውም እስከ ደጃፍ።

ማሳው ለሰው የሚታይበት የመስክ በዓል ሊደርስ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። በዚያ ቀን ገበሬው ሁሉ፣ ከዞንም እንግዶች ይመጣሉ። ደንግጬ በማግሥቱ ሰው ሳያየኝ የታመሙትን ቅጠሎች እየቀነጠስኩ አወጣሁ። ሰው ሳያየኝ ማለት መቼ ነው? ማለዳ ነው። ማለዳስ ምን አለ? ጤዛ አለ። በሦስተኛው ማለዳ መስመሩ ሰፍቶ የጋሪ መንገድ አክሎ አየሁትና እጄን ሰበሰብኩ።

ለውዳሴ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ አለቀሰች። «አባቴ ካወቀ ከእንግዲህ ቃል አያናግርህም። እኔንም በዓይኑ አያየኝም» አለች። አባቷን ምን ያህል እንደምትወድ ያኔ ነው ያወቅኩት። እኔም ሽሮውን ማጥፋቴ ሳይሆን የእሳቸውን ቤት አጥር ለአጥር መጠጋቴ ከበደኝ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ የመስክ በዓሉ ቀን ደረሰ። እኔ ዘዴዬን ዘይጃለሁ፤ እንግዶቹን በመንገዱ በኩል አቆማቸዋለሁ፤ ከዚያ በኩል መስመሩ በገብሱ ስለሚሸፈን አይታይም።

ሁሉም መልካም ሄደ። ላይኛውን ባቄላ ሲያዩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» ብለው ሰውን አሳቁት። ታችኛውን ሲያዩ ግን ተጨበጨበ። ከዞን የመጡት ኃላፊ የመዝገብ ደብተሩን ከእጄ ወስደው ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

«በየቀኑ ነው የቆጠርከው? እሑድ እንኳ?» አሉ። «ጽሕፈትህም ያምራል። እንዲህ ያለ ትጋት አላየሁም።»

መሪጌታ ራቅ ብለው ቆመዋል። «ትጋቱንስ እኔም አይቻለሁ» አሉ። እኔ ደብተሩን ቶሎ ተቀብዬ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት። ልጃቸውን ጽሕፈት ያስያዟት መሪጌታ ራሳቸው ናቸው፤ አንድ መስመር ቢያዩ አለቀልኝ።

«እስቲ ደግሞ» አሉ መሪጌታ መቋሚያቸውን እያነሡ፣ «ከታች ሆነን እንየው። ከታች ሲያዩት ሌላ ነው።»

እምቢ የሚባሉ ሰው አይደሉም። ሰው ሁሉ ተከተላቸው። እኔ መጨረሻ ላይ ሄድኩ። ከፍታው ላይ ስንደርስ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ታየ። መሪጌታ በመቋሚያቸው ጠቆሙት።

«ባለሙያው፣ ይኸ በሽታ በምን ይሄዳል ነበር ያልከን?»

«በንፋስና በዝናብ ፍንጣቂ ነው፣ መሪጌታ።»

«እሺ። ንፋሱ ታዲያ የድንጋይ ክምር ይዞራል?»

አንዱ ገበሬ ሊረዳኝ ብሎ «በግ ገብቶበት ይሆናል» አለ።

«በግ ገብሱን አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም» አሉ መሪጌታ።

«ጅብ ይሆናላ» አለ ሌላው።

«ይሁን ጅብ ነው። ጅቡ አጥሬ ሥር እንዲህ መሬቱን እስኪጨርስ ቆሞ ምን ያወራል?»

ሳቁ ከኋላ ተጀመረ። አንድ ሰው ቦቲ ጫማዬን አየ፤ ከዚያ ሁሉም አየው። እትዬ አበቡ ለእንግዶቹ ቆሎ ይዘው ቆመዋል፤ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ውዳሴ ከጎናቸው አንገቷን ደፍታለች። እሷን ሳይ እንዲህ ቆማ እንድታፍር ከማደርግ ሥራዬን ባጣ ይሻለኛል አልኩ።

«እኔ ነኝ፣ መሪጌታ» አልኩ። «በጤዛ እየገባሁ ከላይ ወደ ታች ተመላልሻለሁ። ለእናንተ አታድርጉ ያልኩትን እኔ አድርጌዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።»

መሪጌታ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ስሙ እንግዲህ» አሉ። «ይኸ ሰው በሁለቱም ማሳ ውስጥ ሄዷል። ላይኛው ጋ በየት በኩል እንደሄደ የሚያሳየኝ አለ? የለም፤ ሁሉም ነድዷል። እዚህ ግን የረገጠው ብቻ ነው የታመመ። ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው ባቄላ ደህና ነው። ገብሱ ይዞታል። በሰኔ በአፉ አስተማረን፤ ያኔ ግማሻችን አላመንም። አሁን በእግሩ አስተማረን። እኔ አምኛለሁ።»

ጭብጨባው ከመጀመሪያው በለጠ። ገበሬዎቹ ወርደው መስመሩን እየነኩ በየግራና ቀኙ ቆጠሩ፤ እኔ በወር ያላስረዳሁትን በሩብ ሰዓት ተረዱት። የዞኑ ኃላፊ ጠጋ ብለው «ይህ መስመር በዕቅዱ ውስጥ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ አፌን ስከፍት መሪጌታ ቀደሙኝ።

«አስቦበት ነው» አሉ። «ብዙ ማለዳ ነው ያሰበበት።»

እንግዶቹ ሲሄዱ መሪጌታ ጠሩኝ። ስድብ ጠብቄ ሄድኩ።

«ወደ ቤቴ በአጥር አይመጣም» አሉኝ። «በበር ነው የሚመጣ። ጤዛው ሲደርቅ ነው የሚመጣ። ብቻውንም አይመጣም።»

ደንዝዤ ቆምኩ። ከኋላዬ እትዬ አበቡ «ሽማግሌ ላክ ነው የሚልህ፤ ምን ይገትርሃል?» አሉ።

«መሪጌታ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ይሄዳል ብለው ነበር...» አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ብያለሁ። አንተ ግን ስትሄድ ዱካህን የማትሸሽግ ሰው ነህ» አሉ። ከዚያ ቀልዱን ተዉና «እኔ ነኝ ባትል ኖሮ ቆሎም ሳትቀምስ ነበር የምሰድህ» አሉኝ። እንባዬ መጣ፤ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ኅዳር ላይ፣ ባቄላው ከተወቃ በኋላ፣ ሽማግሌ ላክሁ። መሪጌታ ሽማግሌዎቹን ከማስቀመጣቸው በፊት «በየት በኩል መጣችሁ?» ብለው ጠየቋቸው። «በበሩ» አሉ ሽማግሌዎቹ ግራ እየገባቸው። «እግራችሁስ ደርቋል?» አሉ ደግሞ። ደርቋል ሲባሉ አስቀመጧቸው። ሁዳዴም ሲደርስ ሽሮው አላነሰም። ከታችኛው ግማሽ ባቄላውም ገብሱም ተገኝቷል። እትዬ አበቡ ሽሮውን ሲያቀርቡልኝ «ከመስመሩ ላይ የተረፈው ነው» ይሉኛል እስከ ዛሬ።

ዛሬ ከውዳሴ ጋር የምንኖረው ቢቸና ነው። አዎን፣ የዝውውሩ ደብዳቤ መጣ፤ መሪጌታ የፈሩት አልቀረም። ይህን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል፤ ያንን ቡናማ መስመር ግን በምንም አልለውጠውም። ጤዛው ሳይረግፍ ባቄላ ውስጥ መግባት ትቻለሁ። የምገባበትም ምክንያት የለኝም፤ ጸሐፊዬ ቤቴ ናት።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ባለፈው ክረምት የተደወለልኝ ስልክ ነው። መሪጌታ ናቸው። እሳቸው ያለ ነገር አይደውሉም።

«አዲስ ባለሙያ መጥቶብኛል» አሉ። «ያችኑ መሬት ስንዴ ልሞክርባት ቢለኝ ሰጥቼዋለሁ። ማለዳ ማለዳ ይመጣል። ምሕረት ደግሞ ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ናት።»

«ምን በሽታ ነው የሚያጠናው?» አልኩ።

«ዋግ ነው ይላል። ዋግ በእግር ይሄዳል?»

«አይ፣ መሪጌታ። ዋግ የሚሄደው በንፋስ ነው። ከአገር አገር ይሻገራል። በእግር ዱካ አይታይም።»

«እንግዲያ ይኸኛውን በምን እንይዘዋለን?»

ውዳሴ ከአጠገቤ ሆና ትሰማለች፤ በእጇ አፌን ልትይዝ ተነሣች። የማላውቀው የሙያ ወንድሜም አሳዘነኝ። ግን በመሪጌታ ቤት መያዝ ማለት መዳር ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

«የመዝገብ ደብተሩን ይጠይቁት» አልኳቸው። «ቁጥሩን ይተዉት። ጽሕፈቱን ብቻ ይዩ።»

ስልኩ አልተዘጋም። መሪጌታ «ምሕረት፣ እስቲ ወዲህ ነይ» ሲሉ በደንብ ሰማሁ።